የ33ቱ ሰዎች ጭንቀት፦ ከመሬት በታች 69 ቀን፣ ከመሬት በላይ ዓመታት

ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም. የዋለውን የኒውዮርክ ማራቶን ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። ኃይሌ ገብረሥላሴ ጉልበቱን አሞት ድልድይ ላይ ውድድሩን አቋረጠ። ከዚያም ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ከሩጫ መሰናበቱን ሲናገር አገር ደነገጠ። (ደግነቱ ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ።) በዚያው ቀን ገብሬ ገብረማርያም የሕይወቱን የመጀመሪያ ማራቶን ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ አሸነፈ። ለእኛ ወሬው እዚህ ላይ አለቀ።

ገብሬ ከገባ ከሰዓታት በኋላ ግን ሌላ ሰው እያነከሰ መጨረሻው መስመር ላይ ደረሰ። ኤዲሰን ፔኛ ይባላል፣ ቺሊያዊ ነው። የፈጀበት 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። እሱንም ጉልበቱ አሞት ነበር። መንገድ ላይ በረዶ አስሮበት ብዙውን ኪሎ ሜትር በእግሩ ተራምዷል። አዘጋጆቹ መጀመሪያ የጋበዙት በእንግድነት ቁጭ ብሎ እንዲያይ ነበር፤ እሮጣለሁ ያለው ራሱ ነው። ይህ ሰው እስከ ዛሬ 25 ቀን ድረስ ከ32 ጓዶቹ ጋር ማዕድን ማውጫ ውስጥ፣ ከመሬት በታች 700 ሜትር ላይ ተቀብሮ ነበር።

ሁለቱን ሯጮች ላወዳድር አይደለም። የዓለም ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ጉልበቱ ሲከዳው የሚያጣው ሙያውን ነው። ከመቃብር ለወጣ ሰው ግን የጉልበት ሕመም ምንም አይደለም። ሕመሙ ያው የጉልበት ሕመም ነው፣ ለሁለቱ የሚሰጠው ትርጉም ግን ለየቅል ነው። ስለ ጭንቀት የተጻፈውን ብዙ መጽሐፍ ጨምቀን ብናወጣው ግማሹ እዚህች ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሌላውን ግማሽ ለማየት ግን ወደ ጉድጓዱ መውረድ ያስፈልጋል።

ሳን ሆሴ የመዳብና የወርቅ ማውጫ ነበር። የሚገኘው በሰሜን ቺሊ፣ አታካማ በረሃ ውስጥ፣ ኮፒያፖ ከምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ሥራ የጀመረው በእነሱ አቆጣጠር በ1889፣ አፄ ምኒልክ በነገሡበት ዓመት ነው። መቶ ዓመት ከተቆፈረ በኋላ ተራራው ውስጡ ባዶ ሆኗል። በ2007 እ.ኤ.አ. ሰው ሞቶበት ተዘግቶ ነበር፤ በኋላ እንደገና ተከፈተ። ከትልቁ አደጋ አንድ ወር በፊት የወደቀ ድንጋይ የአንድ ሠራተኛ እግር ቆርጧል። ሠራተኞቹ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። የሚሠሩት ከሌላው ቦታ የተሻለ ስለሚከፍል ነው። ተራራው ያጉረመርማል፣ እነሱም ያጉረመርማሉ፣ ቀን ይገፋል።

ሐምሌ 29 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ በእነሱ ኦገስት 5፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ተራራው ተደረመሰ። እዚህ እኛ ጋ የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። መቶ ሺዎች ቶን የሚመዝን አለት ወርዶ ብቸኛውን መውጫ ዘጋው። 32 ቺሊያውያንና አንድ ቦሊቪያዊ ውስጥ ቀሩ። ትንሹ የ19 ዓመት ልጅ ነው፣ ትልቁ የ63 ዓመት አባት።

የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ያደረጉት ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው። ዋልተር ካነን የሚባል የሃርቫርድ ሐኪም ከመቶ ዓመት በፊት እንደጻፈው፣ አደጋ ያየ አካል ለሁለት ነገር ይዘጋጃል፦ ለመፋለም ወይም ለመሸሽ። አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይመታል፣ ሆድ ሥራ ያቆማል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሮጣል። ሰዎቹም መውጫ ፍለጋ ሮጡ። ጥቂቶቹ በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ መሰላል ይዘው ሽቅብ ወጡ። ግማሽ መንገድ ላይ መሰላሉ አለቀ። ደንቡ መሰላሉ እስከ ላይ ይኑር ይላል፤ አልነበረም። ላይ ያለ ሰው እንዲሰማ በማሽን ብረት መቱ፣ ጭስ እንዲወጣ ጎማ አቃጠሉ። ማንም አልሰማም።

በዚያች ሌሊት ሌላም ነገር ሆነ። የተወሰኑት የድንገተኛ ጊዜ ምግቡን ሳጥን ከፍተው ብስኩት በሉ። ይህን ጀግንነታቸውን ለማንኳሰስ አይደለም የማነሳው። ስለ እነዚህ ሰዎች የሚወራው ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ መላእክት ተቃቅፈው የተቀመጡ ያስመስላል። እውነቱ ግን በመጀመሪያው ሌሊት ሁሉም ለየራሱ ነበር። የተለወጡት ከዚያ በኋላ ነው። እኔን የሚገርመኝም ይኸው ለውጥ ነው።

አንድ ነገር ስለ ቃሉ ላንሳ። እኛ "ጭንቀት" ስንል ብዙ ነገር አንድ ላይ እንጠቀልላለን። ፈተና የደረሰበት ተማሪም ተጨነቀ ነው፣ ምጥ የያዛትም ተጨነቀች ነው፣ ሌሊት ያለምክንያት ልቡ የሚመታበትም ያው። "ውጥረት" የሚለው ይሻላል። ወጠረ ከሚለው ነው፤ ቆዳ ከበሮ ላይ ሲወጠር ማለት ነው። ያልተወጠረ ከበሮ ድምፅ የለውም። ከልክ በላይ የተወጠረ ደግሞ ይቀደዳል። ዛሬ ዛሬ ሸገር ውስጥ ሁሉም ሰው "ስትረስ ላይ ነኝ" ይላል። ይህን ቃል ከምህንድስና አምጥቶ ለሰው አካል የሰጠው ሃንስ ሴልዬ የሚባል፣ ሞንትሪያል ይሠራ የነበረ ተመራማሪ ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ አይጦች በብርድም፣ በድካምም፣ በመርዝም ቢሠቃዩ ሰውነታቸው ውስጥ የሚታየው ጉዳት ተመሳሳይ መሆኑን አሳየ። ሦስት ደረጃም አስቀመጠ፦ መጀመሪያ ድንጋጤ፣ ቀጥሎ መቋቋም፣ በመጨረሻ መዛል።

33ቱ ድንጋጤውን አልፈው ወደ መቋቋም የገቡት ምግቡን ሲቆጥሩ ነው ማለት ይቻላል። መጠለያ ተብላ የተሠራችው ክፍል 50 ካሬ ሜትር ያህል ናት። ውስጧ የነበረው ምግብ ለጥቂት ሰው ለሁለት ቀን የታሰበ ነው። ተሰበሰቡና ደንብ አወጡ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ቆይቶም በሁለት ቀን አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ማንኪያ ቱና፣ ግማሽ ኩባያ ወተት፣ አንድ ብስኩት። ሁሉም ድርሻውን እስኪያገኝ ማንም አይጀምርም። ውኃው ለማሽን ማቀዝቀዣ የተቀመጠ፣ ዘይት ዘይት የሚል ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ፣ አየሩ እርጥብ። ልብሳቸውን አውልቀው ነው የሚውሉት።

የፈረቃው አለቃ ሉዊስ ኡርሱዋ እዚያ ማውጫ ከተቀጠረ ገና ጥቂት ወራት ነበር። ነጩን የአለቃ ቆብ አውልቆ አሁን ሁላችንም እኩል ነን አላቸው ይባላል። አንዳንዶቹ በዚህ አልተደሰቱም፤ አለቃ ቆፍጠን ሲል የሚወድ ሰው የትም አለ። ውሳኔ ግን በድምፅ ሆነ። 33 ሰው ስለሆኑ 17 ድምፅ ያሸንፋል። ኡርሱዋ የመሬት ልኬት ባለሙያ ስለነበረ የዋሻውን ካርታ ሣለ፦ እዚህ እንተኛ፣ እዚህ እንጸዳዳ፣ እዚህ እንጸልይ። ጸሎቱን የሚመራው ሆሴ ኤንሪኬስ ነው፤ ከቆፋሪነቱ ሌላ ሰባኪ ነበር። ዮኒ ባሪዮስ ስለ ሕክምና ትንሽ ያውቃል፣ ሐኪም ሆነ። ቪክቶር ሴጎቪያ ማስታወሻ ይጽፋል። ማሪዮ ሴፑልቬዳ ያወራል፣ ያስቃል፣ ይሳደባል፣ ያለቅሳል። ዝም የሚለውንም የሚያናግረው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ስናነብ "ጊዜ ማሳለፊያ ፈልገው ነው" ልንል እንችላለን። እኔ እንደዚያ አላየውም። ጭንቀት የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው የሚያገኙት ነገር አለ። ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው የመከራው መጠን ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደሚመጣ አለማወቁና ምንም ማድረግ አለመቻሉ ነው። ድምፅ መስጠት ያቺን ምንም ማድረግ አለመቻል ይቀንሳል። ተራራውን ማንሳት አትችልም። ብስኩቱ ዛሬ ይበላ ወይስ ነገ በሚለው ላይ ግን እጅህን ታወጣለህ። ከመላው ዓለም የቀረችህ ሥልጣን እሷ ናት። ትንሽ ናት፣ ግን ያንተ ናት።

አለማወቁን ግን ድምፅ መስጠት ሊቀንሰው አልቻለም። ከላይ መሰርሰሪያዎች መቆፈር ጀምረዋል። ድምፃቸው ወደ ታች ይሰማል። ይቀርባል፣ ይቀርባል፣ ከዚያ ወደ ጎን ያልፍና ይጠፋል። የማውጫው ካርታ አሮጌ ነበር፣ አለቱም መሰርሰሪያውን ያጣምመዋል። በ15ኛው ቀን ገደማ አንዱ መሰርሰሪያ እነሱ ካሉበት ጥልቀት አልፎ ሄደ። ሳያገኛቸው። እስቲ አስበው፤ ረሃቡንስ ለምደኸዋል፣ ተስፋ ግን በየቀኑ በጆሮህ ገብቶ በጆሮህ ይወጣል። አንዳንዶቹ የስንብት ደብዳቤ የጻፉት በእነዚያ ቀናት ነው።

ኤዲሰን ፔኛ መሮጥ የጀመረው እዚያ ነው። የሥራ ጫማውን አንገት ቆርጦ አሳጠረው። ዋሻው ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ቦታ ነበረው። ምግብ መግባት ከጀመረ በኋላ በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር በጨለማ ይሮጥ ጀመር። አንዳንዴ እንጨት በገመድ ወገቡ ላይ አስሮ እየጎተተ። ሌሎቹ ሳያብድ አልቀረም ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም።

ሪቻርድ ላዛረስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን በደንብ ያስረዳዋል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰዎችን ሰብስቦ የሚሰቀጥጥ ፊልም ያሳይ ነበር። ፊልሙ አንድ ነው፤ ከጀርባው የሚነገረው ትረካ ግን ይለያያል። ለአንዱ ቡድን ሥቃዩን አጉልቶ፣ ለሌላው አቃልሎ፣ ለሦስተኛው እንደ ጥናት በቀዝቃዛ ቃል። የተመልካቹ የልብ ምትና የቆዳ ላብ እንደ ትረካው ተለያየ። ማለትም ሰውነት የሚጨነቀው ላየው ነገር ብቻ ሳይሆን ለተሰጠው ትርጉምም ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሱዛን ፎክማን ጋር ሆኖ ሰው ለጭንቀት የሚሰጠውን ምላሽ በሁለት መደበው። አንዱ ችግሩን ራሱን መጋፈጥ ነው። ሁለተኛው፣ ችግሩ የማይነካ ሲሆን፣ ስሜትን ማስታገስ። ካርታ መሣል የመጀመሪያው ነው። ጸሎትና ቀልድ ሁለተኛው። የፔኛ ሩጫ የትኛው ነው? አላውቅም። የሚሮጠው የትም ለመድረስ አይደለም። ግን ዋሻው እስር ቤት መሆኑ ቀርቶ ለአንድ ሰዓት መም ይሆንለታል።

ነሐሴ 16 ቀን፣ እኛ ፍልሰታን ስንፈታ፣ አንዱ መሰርሰሪያ ዋሻውን በሳ። ሰዎቹ ብረቱን እየደበደቡ ቀይ ቀለም ቀቡት፣ ወረቀትም አሰሩበት። ላይ ሲወጣ በቀይ የተጻፈች አንዲት መስመር ተገኘች፦ 33ታችንም መጠለያው ውስጥ ደኅና ነን። ፕሬዚዳንት ሴባስቲያን ፒኜራ ወረቀቷን ለካሜራ ሲያሳዩ አገሩ በሙሉ ጎዳና ወጣ። 17 ቀን አልፏል። እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ገደማ ከስተዋል።

አሁን ነገሩ ቀለለ እንላለን። ምግቡ እንኳ አልቀለለም። 17 ቀን የጾመ ሰው ድንገት ጠግቦ ከበላ ልቡ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የወረደላቸው የስኳር ውኃና መድኃኒት ነው። ከቀጭን ቱቦ ውስጥ ስለምትመላለስ ያቺን ዕቃ ማድረሻ "ርግብ" ብለው ሰየሟት። በርግቧ ቀስ በቀስ ምግብ፣ ልብስ፣ መድኃኒት፣ ደብዳቤ ወረደ።

ሌላ ዓይነት ጭንቀት የመጣው ከርግቧ ጋር ነው። ላይ ያሉት ባለሥልጣናት ማዳኑ እስከ ገና ሊወስድ እንደሚችል ያውቃሉ። ይህን ወዲያው መንገር ፈሩ። በኋላ ነገሯቸው፤ ሰዎቹም ሰሙና ተቀበሉት። ሲመስለኝ እውነቱን መስማት የማይችለው ብዙ ጊዜ ተናጋሪው ነው። ደብዳቤውም እንዲሁ። ከቤተሰብ የሚመጣው ደብዳቤ መጀመሪያ በሥነ ልቦና ባለሙያዎች እጅ ያልፍ ነበር፤ የሚያስከፋ ነገር እንዳይኖርበት ታስቦ። ሰዎቹ ሲያውቁ ተናደዱ። 17 ቀን በድምፅ ብልጫ ራሳቸውን ያስተዳደሩ ሰዎች፣ አሁን እንደ ሕፃን ሚስታቸው የጻፈችውን ሌላ ሰው ያነብላቸዋል። ባለሙያዎቹ ክፉ አልነበሩም። ግን ያችን ትንሽ ሥልጣን ከእጃቸው ወሰዷት።

በዚያው ሰሞን የጤና ሚኒስትሩ ሃይሜ ማኛሊች አምስት ሰዎች ከሌሎቹ ተነጥለው መቀመጣቸውን፣ በደንብ አለመብላታቸውን፣ ካሜራ ፊት መቅረብ አለመፈለጋቸውን ተናገሩ። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ምግብ ከመጣ በኋላ ነው። ረሃብ ላይ ሳሉ ግን ያለቻቸውን እኩል ይካፈሉ ነበር።

ቺሊዎች ናሳን አማከሩ። ሁለት ሐኪሞች፣ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያና አንድ መሐንዲስ መጡ። ጠፈርተኛን ለወራት በጠባብ ቦታ ማኖር የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ምክራቸው የሚያስደንቅ ነገር የለበትም፣ ለዚህም ነው የወደድኩት። ቀንና ሌሊትን ለዩላቸው አሉ፤ መብራት አብሩ፣ አጥፉ፣ እንቅልፍ ሰዓቱን ይወቅ። ነገሩ አጭር ሩጫ ሳይሆን ረጅም ነው፣ አቅማችሁን ቆጥቡ። ሰዎቹ በሦስት ቡድን ተከፍለው በፈረቃ መሥራት ጀመሩ። ሥራው ደግሞ የውሸት አልነበረም። ከላይ የሚቆፈረው ማምለጫ ጉድጓድ ፍርስራሹን ወደ ታች ይለቃል። ያንን ጠርገው የሚያነሱት እነሱ ናቸው። ካላነሱት ጉድጓዱ ይዘጋል። ማለትም ራሳቸውን እያዳኑ ነበር። ሲጋራ ለመኑ፤ መጀመሪያ የኒኮቲን ፕላስተር ተላከላቸው፣ በኋላ ሲጋራውም ተፈቀደ። መስከረም 8 ቀን ቺሊ 200ኛ የነጻነት በዓሏን ስታከብር ሥጋና የበዓል ዳቦ ወረደ። ወይን ግን አይሆንም ተባሉ። በበዓል ቀን።

ላይ ያሉትን ቤተሰቦች በሁለት መስመር ማለፍ ግፍ ነው፣ ግን ጉዳዩ ረጅም ነው። ሚስቶች፣ እናቶችና እህቶች በረሃው ላይ ድንኳን ተክለው ሰፈሩ። ስሙንም የተስፋ ሰፈር አሉት። ወጥ ቤት ተከፈተ፣ ለልጆች ትምህርት ቤት ተሠራ። አንዷ እርጉዝ ነበረች፤ ባሏ ታች እያለ ሴት ልጅ ወለደች። ስሟን ኤስፔራንሳ፣ ተስፋ፣ አሏት። የእኛን ለቅሶ ቤት ለሚያውቅ ሰው ይህ ሰፈር እንግዳ አይሆንበትም። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ቡናው ይፈላል፣ ሰው ይገባል ይወጣል።

መስከረም 29 ቀን 2003 ዓ.ም. የማምለጫውን ጉድጓድ በሦስት የተለያዩ ዕቅዶች ከሚቆፍሩት ማሽኖች ሁለተኛው ሰዎቹ ጋ ደረሰ። ከሦስቱ ዕቅዶች ያሸነፈው እሱ ነው። ፊኒክስ የተባለች፣ ወርዷ 54 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች የብረት ካፕሱል ተዘጋጀች። ማን በቅድሚያ ይውጣ ሲባል ጭቅጭቅ ተነሳ። ጭቅጭቁ ግን እኔ ልቅደም አይደለም፤ እኔ ልቅር ነው። መጨረሻ መሆን የሚፈልገው በዛ። በመጀመሪያው ሌሊት ሳጥን የሰበሩ ሰዎች ናቸው እነዚህ።

ጥቅምት 3 ምሽት መጨረሻ ላይ የወጣው ኡርሱዋ ነው። ፕሬዚዳንቱን ፈረቃዬን አስረክቤያለሁ አላቸው። ቆንጆ ቃል ናት፣ ዓለምን አስለቅሳለች። እኔ ግን ባነበብኳት ቁጥር ትከብደኛለች። ፈረቃው አለቀ። ከዚያ በኋላ ፈረቃ የለም፣ ድምፅ መስጠት የለም፣ የሚጠረግ ድንጋይ የለም፣ በቀን ሁለት ማንኪያ የሚካፈሉት ሰው የለም።

ያለው ካሜራ ነው። አንድ ባለሀብት ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ፔሶ ሰጠ፤ በዚያን ጊዜ 10 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ ጋበዛቸው። ዲዝኒ ወርልድ ሄዱ፣ እስራኤል ሄዱ። ታች ሳሉ ስለመጀመሪያዎቹ 17 ቀናት ለማንም ላለመናገር፣ ታሪኩ ሲሸጥ እኩል ለመካፈል ተማምለው ነበር። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚጠይቃቸውን ነገር ሆድ ይፍጀው ብለው ያዙት። የገባው ገንዘብ ብዙዎች እንደገመቱት አልነበረም። ጎረቤቱ ግን ሀብታም ሆነዋል ብሎ ያምናል። ብድር የሚጠይቅ ዘመድ በዛ።

ሌሊቱ ሌላ ነው። ቅዠት። እንቅልፍ ማጣት። ድንገተኛ ድምፅ መፍራት፣ ጠባብ ቦታ መፍራት፣ በትንሽ ነገር መቆጣት። ከወጡ ከዓመት በኋላም ብዙዎቹ በሕክምና ክትትልና በእንቅልፍ መድኃኒት ላይ ነበሩ። መጠጥ ውስጥ የገቡ ነበሩ፣ ትዳራቸው የተናጋ ነበሩ። አንዳንዶቹ ሥራ ሲጠይቁ ቀጣሪው ስማቸውን ሲያይ ያመነታል። ጭንቅላቱ ደኅና ይሆን? ወይስ ነገ የደኅንነት ጥያቄ አንስቶ ያስቸግረኛል? የተወሰኑት ወደ ማዕድን ማውጫ ተመለሱ። ዕድሜያቸው የገፋና የታመሙ 14ቱ ከመንግሥት ጡረታ ተሰጣቸው። የአደጋው የወንጀል ምርመራ በ2013 እ.ኤ.አ. ማንም ሳይከሰስ ተዘጋ። ይህ የመጨረሻው ነገር ስንቱን ሌሊት እንቅልፍ እንደነሳ መገመት አያቅትም።

ለምን አሁን? ከዳኑ በኋላ? ከፍ ብዬ የጠቀስኩት ሴልዬ መዛል ያለው ደረጃ አለ፤ አካል ለረጅም ጊዜ በብድር ሲኖር ዕዳው የሚጠየቅበት ጊዜ። ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን አደጋ ላይ ሳለን ስኳር እየለቀቀ፣ እብጠትን እያፈነ ያቆመናል። አደጋው አልፎ እንኳ አካል ማለፉን ቶሎ አያምንም። ግን እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ሌላ ነገር ነው። አንዲት እናት ልጇ ሞቶ ድንኳን ሲጣል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዳ ትቀበላለች፣ ወጡ በቃ ወይ ትላለች፣ የሌላውን እንባ ትጠርጋለች። ሰው "እንዴት ጠንካራ ናት" ብሎ ይሄዳል። ሠልስቱ አልፎ፣ ድንኳኑ ተነስቶ፣ የተከራየው ወንበር ተቆጥሮ ሲመለስ ነው የምትወድቀው። ያን ጊዜ ደግሞ ሰው የለም። 33ቱም እንደዚያው ናቸው። ታች ሳሉ ድንኳኑ አልተነሳም ነበር። ሥራ ነበራቸው፣ ወንድም ነበራቸው፣ ቀኑ ቅርጽ ነበረው። ላይ ሲወጡ ያገኙት ጀግና የሚባል ስም ነው። ጀግና ደግሞ አይታመምም፣ አያለቅስም፣ ሐኪም ጋ ቀጠሮ የለውም። ብዙዎቹ ሕክምናውን በጉዞ ምክንያት ያቋርጡ ነበር ተብሏል።

በእኔ ግምት ስህተቱ የሆነው እዚህ ነው። ለ69 ቀን ከናሳ ጀምሮ ዓለም በሙሉ አማከረ። ለ70ኛው ቀን የተዘጋጀው ክትትል ግን የወራት ነበር። ባለሙያዎቹ ቅዠቱ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር፣ ተናግረውም ነበር። ሆኖም ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን ወሰዱባቸውና በቦታው ጭብጨባ ሰጧቸው። ከፈረቃው ቀስ ብለው ቢወጡ ኖሮ? አብረው የሚሠሩት አንድ ቋሚ ሥራ ቢኖራቸው? በየሳምንቱ 33ቱ ብቻ የሚገናኙበት ቤት ቢኖር? ይህን ስል እኔ ሐኪም አይደለሁም። ማኅበር ጠጥቶ ያደገ ሰው ግምት ነው።

ፔኛም ቢሆን ማራቶኑ አልፈወሰውም። ከሩጫው በኋላ እሱም ታክሟል፣ መቸገሩንም በአደባባይ ተናግሯል። በቴሌቪዥን ቀርቦ የኤልቪስ ፕሪስሊን ዘፈን ዘፈነ፣ ሮጦ ገባ፣ ሜዳሊያ አጠለቀ፣ ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ከዚያ ወደ አገሩ በረረ፣ ሌሊቱም መጣ።

ከጓዶቹ አንዱ ደግሞ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ቤቱን ዙሪያውን በግንብ ማጠር ጀመረ። ጋዜጠኞች ሄደው ለምን እንደሚገነባ ጠየቁት። አላውቅም አላቸው።